«92 በመቶዎቹ» ደክሟቸዋል፤ ይረፉ ወይስ ይመለሱ?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦

ዛሬ ክርክሩን እኔ ልክፈት። ኖቬምበር 5 ቀን 2024፣ የፕሬዚዳንት ምርጫው ማታ፣ ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ነበርኩ። ካማላ ሃሪስ የተማረችው እዚያ ነው። ድሉም የሚከበረው እዚያ ነበር፣ ቢሆን ኖሮ። አመሻሽ ላይ ጭፈራው ደርቶ ነበር። ሰሜን ካሮላይና ለትራምፕ ሲሄድ ሰዉ ዝም እያለ መጣ። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ አንድ ሰው መድረክ ላይ ወጣና «ዛሬ አትመጣም፣ ነገ ትናገራለች» አለን።

ወጥቼ በእግሬ ወደ ናይንዝ ስትሪት ወረድኩ። እዚያ ያሉትን የእኛን ምግብ ቤቶች ታውቋቸዋላችሁ። አንዱ ደጃፍ ላይ ሁለት ጥቁር አሜሪካዊ ሴቶች ተቀምጠዋል። ሮዝና አረንጓዴ ለብሰዋል፤ የሃሪስ የኮሌጅ ሴቶች ማኅበር፣ የአልፋ ካፓ አልፋ ቀለም ነው። ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል። አያለቅሱም። አንደኛዋ «ከዚህ በኋላ ቅዳሜዬ የራሴ ነው» አለች። ሌላ ምንም አላለችም።

ከዚያ ወዲህ ይህንኑ ነገር በየቦታው እሰማለሁ። ሰው መርጦ ሲወጣ ደጃፍ ላይ በተሰበሰበው መጠይቅ፣ ከጥቁር ሴቶች 92 በመቶ ገደማ የመረጡት ሃሪስን ነው። ስለዚህ ራሳቸውን «92 በመቶዎቹ» ይላሉ። የኛን ድርሻ አድርገናል፣ አሁን ተራው የሌላው ነው ማለታቸው ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባ አለችኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ምርጫ በመጣ ቁጥር የሰው በር ስታንኳኳ የኖረች። ኤፕሪል 5 ቀን 2025 በመላ አገሪቱ ትልቅ ሰልፍ ሲጠራ ነጮቹ ባልደረቦቻችን «ነይ እንጂ» አሏት። «ሂዱ፣ ይቅናችሁ። እኔ የዳንስ ቀጠሮ አለኝ» ብላ ማራገቢያዋን ከቦርሳዋ አወጣች። ያ በመስመር ተሰልፈው ማራገቢያ ጧ እያደረጉ የሚጨፍሩት አለ አይደል? እሱን ነው።

ጥያቄዬ ይኸው። ልክ ናት? ወይስ ሜዳውን ለቃ መሄዷ ነው? በ2026 ኖቬምበር ላይ ደግሞ የኮንግረስ ምርጫ አለ።

ጋሽ ታክሲ፦

ልክ አይደለችም። ልቤ ከእሷ ጋር ነው፣ ግን ልክ አይደለችም።

ያን ሌሊት እኔም መኪናዬ ውስጥ ነበርኩ። ከሀዋርድ አካባቢ ስንቱን አነሳሁ። አንዲት ልጅ እስከ ሃያትስቪል አንድ ቃል ሳትተነፍስ ሄደች። ስትወርድ 20 ዶላር ጉርሻ ሰጠችኝ። ለምን እንደሰጠችኝ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ነገር ግን በፖለቲካ ወንበር ባዶ አይቆይም። አንቺ ስትነሺ ሌላው ይቀመጥበታል። እኔ የአብዮቱ ዘመን ልጅ ነኝ። ደከመኝ ያለው ቤቱ ሲገባ አደባባዩን ማን እንደያዘው አይቻለሁ። አልነግራችሁም፣ ታውቁታላችሁ።

ደግሞስ እነዚህ ሴቶች የማን ልጆች ናቸው? የአላባማዋን የሞንትጎመሪን ታሪክ አንብቡ። ዲሴምበር 1955 ሮዛ ፓርክስ አውቶቡስ ላይ ወንበሬን ለነጭ አልለቅም ብላ የታሰረች ዕለት፣ ጆ አን ሮቢንሰን የምትባል የኮሌጅ መምህርት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር በራሪ ወረቀት ስታባዛ አደረች። ከዚያ በኋላ ጥቁሮቹ 381 ቀን አውቶቡስ አልተሳፈሩም። ልብስ አጣቢዋ፣ ሞግዚቷ፣ ወጥ ቤቷ፣ ሁሉም በእግሯ። እኔን የሚነካኝ የባለታክሲዎቹ ነው። ጥቁሮቹ ነጂዎች በአውቶቡሱ ዋጋ በ10 ሳንቲም ይጭኗቸው ጀመር። ከተማው «ከ45 ሳንቲም በታች መጫን ክልክል ነው» አለ። ጊዜ አላጠፉም፤ 300 ገደማ የግል መኪና አሰባስበው ሰዉን በተራ ማመላለስ ጀመሩ። የዳንስ ቀጠሮ አለኝ ያለ አልነበረም።

የአትላንታዋ፦

ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ያመጡት ታሪክ ለእርስዎ ሳይሆን ለእሷ ይመሰክራል። የሞንትጎመሪ ሴቶች ምን አደረጉ? አልሄዱም። አልተሳፈሩም። «ያለ እኛ ሞክሩትና እንየው» አሉ። አንዳንዴ መቅረትም ፖለቲካ ነው።

እኔ ጆርጂያ ነው የምኖረው። ሥራውን በዓይኔ አይቻለሁ። ስቴሲ ኤብራምስ በ2018 ለገዥነት ተወዳድራ በ55 ሺህ ድምፅ ገደማ ተሸነፈች። ቤቷ አልገባችም፤ ፌር ፋይት የተባለ ድርጅት አቋቁማ መራጭ ማስመዝገቡን ገፋችበት። በ2020 ባይደን ጆርጂያን ያሸነፈው በ11,779 ድምፅ ነው። አንድ ስታዲየም እንኳን አይሞላም። ያንን ቁጥር ማን አመጣው? ከቤተ ክርስቲያን ሰዉን በአውቶቡስ ጭነው በቀጥታ ምርጫ ጣቢያ የሚያወርዱት እናቶች ናቸው። ጃንዋሪ 5 ቀን 2021 ደግሞ በድጋሚ ምርጫ ሁለቱንም የሴኔት ወንበር ለዴሞክራቶች አመጡ። በዚያ ብርድ።

ምን ተከፈላቸው? ምስጋና። «ጥቁር ሴቶች ዴሞክራሲን አዳኑ» የሚል ቲሸርት። በማርች 2021 ደግሞ አዲስ ሕግ ወጣ፤ ምርጫ ጣቢያው ዙሪያ ተሰልፎ ለሚጠብቅ ሰው ውሃ ማደል ወንጀል ሆነ። ውሃ! እኔ ያኔ ከልጄ ጋር ውሃ ከሚያድሉት አንዷ ነበርኩ። በ2024 ጆርጂያ በ115 ሺህ ድምፅ ገደማ ለትራምፕ ሄደ።

«የፓርቲው የጀርባ አጥንት ናችሁ» ይሏቸዋል። የጀርባ አጥንት እንደሆነ ካላመመ ማንም አያስታውሰውም።

ጋሽ ታክሲ፦

ጥሩ ተናገርሽ፣ ግን አንድ ነገር ዘለልሽ። የሞንትጎመሪው አድማ ጥያቄ ነበረው። በየሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን እየተሰበሰቡ ይመክሩ ነበር። ምን ሲሟላ ተመልሰው እንደሚሳፈሩ ያውቁ ነበር። የዛሬዎቹስ? ምን ጠየቁ? ማንን ጠየቁ? መቼ ይመለሳሉ? ጥያቄ የሌለው አድማ ኩርፊያ ነው፣ ልጄ።

ቁጥር ወዳድ፦

በመሀል ልግባ፣ ምክንያቱም ሁላችሁም 92ን እንደ ቅዱስ ቁጥር ይዛችሁታል። መጠይቆቹ ይለያያሉ፤ 91ም ያለ አለ፣ ዝቅ ያደረገም አለ። ያም ሆኖ ከዘጠኝ እጅ በላይ ወይም እዚያው አካባቢ ነው፣ ይሁን።

ትልቁ ቁጥር ግን ሌላ ነው። ጥቁር ሴቶች ከመራጩ ሁሉ 7 በመቶ ገደማ ናቸው። አሁን አባዙት። ለሃሪስ ያመጡት ከመቶ ድምፅ ስድስት ተኩል ያህሉን ነው። እሷ 48.3 በመቶ አግኝታ ትራምፕ 49.8 አገኘ። ስለዚህ «እነሱ ቢያርፉ አገር ይወድቃል» የምትሉ ሰዎች፣ ሰባቱ የቀረውን ዘጠና ሦስት እንዲሸከሙ ነው የምትጠይቁት። በዚያው መጠይቅ ከነጭ ሴቶች ከግማሽ በላይ ለትራምፕ ነው የመረጡት። እነሱን ማነው በር እያንኳኳ ማሳመን ያለበት? ጥቁሯ እናት?

ሁለተኛ፣ መምረጥና መቀስቀስን አትቀላቅሉ። 92 በመቶው ሁሉ በር አላንኳኳም። የደከሙት ጥቂቶቹ ናቸው፤ በየሠፈሩ አምስት፣ ስድስት ሴቶች። ስልክ የሚደውሉት፣ ወረቀት የሚያድሉት፣ የሚያመላልሱት ሁሌም እነዚያው ናቸው። ኖቬምበር 2025 ቨርጂኒያና ኒው ጀርሲ ላይ ምርጫ ነበር። ጥቁር ሴቶች ወጥተው መረጡ። ቨርጂኒያ ላይ ደግሞ ለገዥነት ከተወዳደሩት አንዷ ጥቁር ሴት ነበረች፣ ዊንሰም ኧርል ሲርስ፣ ሪፐብሊካን። አብዛኞቹ ለእሷ አልሰጡም፤ ነጯን ዴሞክራት ስፓንበርገርን መረጡ። «መልክ አይተው ነው የሚመርጡት» የምትሉ እዚህ ላይ አስቡበት።

እንግዲህ ሜዳውን አልለቀቁም። የሌላውን ሥራ መሥራት ነው ያቆሙት።

ዳላስ፦

እኔ ከሁላችሁም እለያለሁ፣ አትቆጡ። ችግሩ 92ቱ ራሱ ነው። ገበያ ሄደሽ «ስንትም በለኝ ከአንተው ነው የምገዛው» ካልሽ ነጋዴው ዋጋ ይቀንስልሻል? ዴሞክራቶች ጥቁር ሴቶችን የሚያስታውሷቸው ኦክቶበር ላይ ነው። እኔ ሃሪስን አልመረጥኩም፣ የቤት ኪራይና የእንቁላል ዋጋ ነበር የሚያሳስበኝ። ድምፃቸውን ለሁለት ቢከፍሉት ሁለቱም ይለምኗቸው ነበር። ድካሙ የመጣው ካለመለመን ነው።

የአትላንታዋ፦

የገበያ ምሳሌሽን ወደድኩት፣ እህቴ። ግን ሁለተኛው ሱቅ ስትገቢ በር ላይ «አንቺን አናስገባም» ቢልሽስ? ነጋዴ መቀየር የሚቻለው ሌላ ነጋዴ ሲኖር ነው። እንቁላሉስ ረከሰ?

ዳላስ፦

አልረከሰም። በ2025 መጀመሪያ እንዲያውም ባሰበት። እሱን አምናለሁ፣ ኋላ ግን ወርዷል። የመጀመሪያውን ነጥቤን ግን አልመለስሽልኝም። ለዘላለም ዋስትና ያለው ድምፅ ማንም አይንከባከበውም።

የሌሊት ፈረቃ፦

ነርስ ነኝ፣ ስለዚህ ስለ ድምፅ ሳይሆን ስለ ሥጋ ላውራ። ጋሽ ታክሲ ያኔ ደከመኝ ያለ ያልነበረ አስመስለዋል። ነበረች፣ ጋሼ። ፋኒ ሉ ሄመር። ሚሲሲፒ፣ ጥጥ ለቃሚ። መራጭ ልመዝገብ ብላ ከምትኖርበት እርሻ ተባረረች። በ1963 ዊኖና በምትባል ከተማ እስር ቤት ውስጥ ደበደቧት፤ ኩላሊቷም ዓይኗም ከዚያ በኋላ ጤና አላገኘም። በ1964 አትላንቲክ ሲቲ በተደረገው የዴሞክራቶች ጉባኤ ላይ ይህን ሁሉ በቴሌቪዥን ተናገረች። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሃርለም ላይ ያለችው ደግሞ በእኛ አማርኛ ቢመለስ «መታከቱ ራሱ ታከተኝ» ነው። አላረፈችም። በ1977 ሞተች። 59 ዓመቷ ነበር።

የቅርቡን ልጨምር። ኤሪክ ጋርነርን ፖሊስ ኒው ዮርክ ላይ አንቆ ሲገድለው ልጁ ኤሪካ ሐዘን እንኳን ሳትቀመጥ አደባባይ ወጣች። ሦስት ዓመት ተኩል ጮኸች። ከመሞቷ ጥቂት ሳምንት በፊት በቃለ ምልልስ ላይ ጭንቀቱ እንደከበዳት ተናግራ ነበር። በዲሴምበር 2017 ልቧ ቀጥ አለ። 27 ዓመቷ። ከወለደች ገና ወራት ነው።

አርሊን ጄሮኒመስ የምትባል ተመራማሪ በ1992 ለዚህ «ዌዘሪንግ» የሚል ስም አውጥታለታለች። ፀሐይና ዝናብ ድንጋይን ቀስ እያለ እንደሚበላው ሁሉ፣ ዘወትር መገፋትና ዘወትር መታገል ጥቁር ሴትን ከዕድሜዋ በፊት ያስረጃታል ነው የምትለው። በ2023 በአሜሪካ ከ100 ሺህ ሕያው ልደት በወሊድ ምክንያት የሞቱት ጥቁር እናቶች 50.3 ነበሩ። ነጮቹ 14.5። ይህ ሁሉ በፖለቲካ ድካም መጣ እያልኩ አይደለም። ግን ይህንን ሥጋ ይዛ ነው ቅዳሜ ቅዳሜ በር የምታንኳኳው።

«በርንአውት»፣ ተቃጥሎ ማለቅ፣ የሚሉት ቃል እኔ አይጥመኝም። ሻማ ነው የሚያስመስላት። በእኛ «ዛልኩ» የሚለው ይሻላል። የዛለ ሰው ገና አልሞተም፤ ተቀመጪ ሊባል ይችላል።

ፈረቃዬ ሊጀምር ነው። ነገ አነባለሁ።

የሚኒሶታው፦

ሁላችሁም በደንብ ተናገራችሁ። አሁን የማይወደድ ነገር ልናገር። እኛ ማን ነን እነሱን «እረፉ» ወይም «ተነሱ» የምንለው?

2021 ላይ ቨርጂኒያ ምን እንዳደረግን ረሳን? በጦርነቱ ሰሞን በባይደን ተናደን፣ ሰሜን ቨርጂኒያ ያሉ የእኛ ቡድኖች ለገዥነት ለተወዳደረው ሪፐብሊካን «ያንግኪንን ምረጡ» ብለው ቀሰቀሱ። ለምን እንደተናደዱ ይገባኛል፤ እዚያ ክርክር ውስጥ አልገባም። ያንግኪን በጠባብ ልዩነት አሸነፈ። ጃንዋሪ 2022 ሥልጣን በያዘበት ዕለት የፈረመው የመጀመሪያው ትእዛዝ በትምህርት ቤት ስለ ዘር ምን መማር እንደሌለበት የሚወስን ነበር። የነካው ጎረቤቶቻችን ጥቁር እናቶች ለዓመታት ሲታገሉለት የኖሩትን ትምህርት ነው። ለእኛ ከአገር ቤት ጉዳይ ውጪ ምርጫ የለም ማለት ነው?

ዳላስ፦

እኛ ሐበሻ ነን። የእነሱ ታሪክ ሌላ፣ የእኛ ሌላ። ይህን መናገር ለምን ነውር ይሆናል?

የሚኒሶታው፦

ነውር አይደለም። ግን በ1988 ፖርትላንድ ላይ ሙሉጌታ ሥራውን በቤዝቦል ዱላ የገደሉት ዘረኞች «ሐበሻ ነህ ወይስ ጥቁር አሜሪካዊ?» ብለው አልጠየቁም። ደግሞ እዚህ አገር የገባንበት በር በማን ተከፈተ? የ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ የመጣው የሲቪል መብት ትግሉ ባመጣው ማዕበል ነው። ያንን ሕግ ተከትለው የስደተኛው ሕግ በ1980፣ ዲቪ ደግሞ በ1990 መጡ። እኔ ዲቪ ነኝ። ሄመር እስር ቤት ተደብድባ እኔ በሎተሪ ገባሁ። እንደዚያ ነው የማየው።

ዳላስ፦

ሙሉጌታን አልረሳሁም፤ ነፍስ ይማር። ስለ ዲቪው ግን አጋነንከው።

የቀድሞ ፌዴራል፦

ሰው ሁሉ ዕረፍት ዕረፍት ይላል። ማን አረፈ? እኔ በ2025 መጀመሪያ ከአንድ መሥሪያ ቤት በኢሜይል ተባረርኩ። ስሙን መጥራት አልፈልግም። ጠረጴዛዬን እንኳን በወጉ አልሰበሰብኩም። በክፍላችን ከተባረርነው ብዙዎቹ ጥቁር ሴቶች ነበሩ። አይገርምም። ከፌዴራል ሠራተኛው 12 በመቶ ገደማ እነሱ ናቸው፤ በአጠቃላይ ሠራተኛው ውስጥ ካላቸው ድርሻ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ቤት የገዛው መካከለኛ መደብ የቆመው በዚያ ደመወዝ ነው። ስንቱ ሐበሻ በኮንትራክተር በኩል እዚያው እንደሚሠራም ታውቃላችሁ።

ከፌብሩዋሪ እስከ ጁላይ 2025 ባለው ጊዜ ሥራ ላይ ያሉ ጥቁር ሴቶች ቁጥር በ300 ሺህ ገደማ ቀንሷል። የሥራ አጥነታቸው መጠን ጃንዋሪ ላይ 5.4 በመቶ ነበር፤ ኦገስት ላይ 6.7 ደረሰ። ሰልፍ ላይ ያልታየችው ሁሉ ዳንስ ላይ አይደለችም። ሬዙሜ እየላከች ነው።

ጋሽ ታክሲ፦

ይህን አላሰብኩትም ነበር። እግዚአብሔር ይርዳሽ፣ ልጄ።

ግን አሁንም እላለሁ፤ ሥራውን የወሰደባቸው ምርጫው አይደለም እንዴ? ታዲያ ይህ ለመቅረት ነው ወይስ ለመውጣት ምክንያት የሚሆነው? ደግሞ ሁሉም ሽንፈት አልነበረም። በዚያችው ሌሊት የእኛዋ ሜሪላንድ አንጀላ አልሶብሩክስን ሴናተር አድርጋለች። ደላዌር ሊሳ ብለንት ሮቼስተርን። ሁለት ጥቁር ሴቶች በአንድ ጊዜ ሴኔት ውስጥ ተቀምጠው አያውቁም ነበር። በአገሪቱ ታሪክ ሁሉ ተደምረው አምስት ናቸው። ያ በማረፍ አልመጣም።

የአትላንታዋ፦

እሱን ልክ ነዎት፣ ጋሼ። ብዙ ሰው ያንን ድል ረስቶታል፤ እኔም ረስቼው ነበር።

ስለ ሞንትጎመሪ ሲያወሩ «ወጥ ቤቷ» ብለው አልፈዋታል። አንዷ ስም አላት፤ ጆርጂያ ጊልሞር። በሙያዋ ምግብ አብሳይ ናት። አድማው ሲጀመር ቤንዚንና መኪና ብር ይፈልጋል። እሷ ሴቶች ሰብስባ ዶሮ እየጠበሱ፣ ኬክ እየጋገሩ ይሸጡ ጀመር። ብሩ ከየት መጣ ቢባሉ «ከየትም» እንዲሉ የቡድኑን ስም «ከየትም ያልሆነ ክበብ» አሉት። የሚገዛው ሰው እንዳይባረር፣ የምትጋግረዋም እንዳትታወቅ። የእርስዎ 300 መኪኖች የጠጡት ቤንዚን በከፊል የእሷ ዶሮ ነው። እሷ ግን በዶክተር ኪንግ የፍርድ ሂደት ላይ መስክራ ከሥራዋ ተባረረች።

አሟሟቷን ስሙ። በ1990፣ ለመምረጥ መብት የተደረገው የሰልማው ሰልፍ 25ኛ ዓመት ሲከበር፣ ለሰልፈኞቹ ምግብ እያዘጋጀች ሳለ ታመመችና በዚያው ሞተች። የሠራችውን ምግብ ለቅሶ የመጣው ሰው በላው።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦

ይህንን አንብቤ ለትንሽ ጊዜ ስልኬን አስቀመጥኩት።

ምክንያቱም ይህች ሴት እኛም ጋ አለች። በእድሩ፣ በማኅበሩ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ጓዳ። ሽንኩርት የሚከትፉት ሁሌ እነዚያው ሦስት ሴቶች ናቸው። ወጡ ሲያልቅ ወንዶቹ ማይክ ይዘው «እናቶቻችንን እናመሰግናለን» ይላሉ፣ ይጨበጨባል፣ ከዚያ ድስቱን የሚያጥቡት እነዚያው ሦስቱ ናቸው። እናቴ አንዷ ነበረች። ጉልበቷ ሲያልቅ «የሚተካኝ የለም» እያለች ሄደች። ተተኪ ጠፍቶ አልነበረም። ጓዳ ገብቶ «ወንፊቱ የት ነው?» ብሎ የጠየቀ ስለጠፋ ነው።

በ2024 እኔም ወጥቼ ነበር፣ ሳልነግራችሁ። ጁላይ 21 ባይደን ከውድድሩ በወጣ ማታ፣ ዊን ዊዝ ብላክ ዊመን የተባለው ስብስብ በጠራው ዙም ላይ 44 ሺህ ያህል ሴቶች ገብተው በሦስት ሰዓት ውስጥ 1.5 ሚሊዮን ዶላር አሰባሰቡ። ባልደረባዬ ናት ሊንኩን የላከችልኝ። እንደዚያ ያለ ነገር በሕይወቴ አላየሁም። ከዚያ ፔንሲልቬንያ አራት ቅዳሜ ሄድን። የቅስቀሳው ቢሮ ሁሌ የሚሰጠን የጥቁር ሠፈሮችን ዝርዝር ነበር። ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ባልደረባዬ «እነዚህ ሰዎች እኮ የሚመርጡትን ያውቃሉ። ያልወሰኑት ያሉት በዚያኛው ሠፈር ነው፣ እዚያ ነጮቹን በጎ ፈቃደኞች ላኳቸው» አለቻቸው። አስተባባሪው ወጣት «እዚያ መሄድ የሚመቸው ሰው አላገኘንም» አላት። አልመቸው ስላለ! እሷ ምንም አልመለሰችም። ዝርዝሩን ተቀብላ ሄደች። ያን ዕለት 60 በር አንኳኳን።

ከምርጫው በኋላ ደግሞ አንዳንድ ነጭ ሴቶች ሰማያዊ አምባር አድርገው መጡ። «እኛ አልመረጥነውም» ለማለት። አንዷ ለባልደረባዬ አሳየቻት። «ያምራል» አለቻት፤ ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች።

ለዚህ ነው ጋሼ «ጥያቄያቸው ምንድን ነው?» ሲሉ የደነገጥኩት። ጥያቄውን አቅርባዋለች እኮ። ያን ቅዳሜ፣ ዝርዝሩን ይዛ። የሰማት አልነበረም።

ቁጥር ወዳድ፦

«የሚመቸው ሰው አላገኘንም።» ይህንን ዓረፍተ ነገር ከቁጥሮቼ ሁሉ በላይ አስቀምጡት።

ጋሽ ታክሲ፦

እሺ። ኩርፊያ ያልኩትን አነሳለሁ። ሜዳ መልቀቅ ያልኩትን ግን አላነሳም። ሁለቱም ይቻላል፤ እሷ ተበድላለች፣ ሜዳውም ባዶ ነው። ያንን ለማለት ዕድሜዬ ይበቃል።

አሁን ተግባር። ከዚህ ቀደም ቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ ቅዳሜ ቅዳሜ መራጭ ታስመዘግቡ ነበር አይደል? ማን ይዞታል አሁን?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦

ማንም። ባልደረባዬ ነበረች የምትይዘው።

ጋሽ ታክሲ፦

ቅዳሜ ጠዋት ሥራ አልወጣም። እኔና የሚኒሶታው… እሱ ሩቅ ነው። እኔና ቁጥር ወዳድ እንይዘዋለን። አንተ ሮክቪል አይደለህ?

ቁጥር ወዳድ፦

ነኝ፣ ጋሼ። እኔ ግን ከሰው ጋር ማውራት አልችልበትም።

ጋሽ ታክሲ፦

ፎርሙን ትሞላለህ። ማውራቱን ለእኔ ተወው፣ 30 ዓመት የሠራሁት እሱን ነው። አንቺስ ትመጫለሽ?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦

አልመጣም፣ ጋሼ። እተኛለሁ።

ጠረጴዛው ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ፣ ከመጸዳጃው አጠገብ ባለችው ዕቃ ቤት ነው። ቁልፉን ከፊት ካለችው ልጅ ይጠይቁ። አንድ እግሩ ይወዛወዛል፤ ካርቶን አጥፈው ከሥሩ ያድርጉበት። እስክሪብቶ ይዛችሁ ሂዱ፣ እዚያ ያሉት ሁሉ ደርቀዋል።